የቤት ሻጋታና እርጥበት በጎንደር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ክረምት ሲገባ ጎንደር ላይ ወሬው ሁሉ ስለ ቤት ነው። የአንዱ ጣራ ያፈሳል። የሌላው ግድግዳ ላብ በላብ ሆኗል። ቁም ሳጥን ከፍቶ ጥቁር ጫማው አረንጓዴ ሆኖ የሚጠብቀውም አለ። ከጎረቤት፣ ከአከራይና ከግንበኛ ጋር ሲወራ ደጋግመው የሚነሱትን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤያለሁ። መልሶቹ በብዛት የሚዞሩት አንድ ነገር ላይ ነው፤ እድፉን ከማሳደድ በፊት ውሃውን ማግኘት።

ጎንደር ፀሐይ አላት፤ ይሞቃል። ታዲያ ሻጋታው ከየት ይመጣል?

ሻጋታ ሙቀት አይጠላም። ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ባለው ሙቀት አብዛኛው ዓይነት ደልቶት ያድጋል። ዘሩ በዓይን የማይታይ ብናኝ ነው፤ በየትኛውም ቤት አየር ውስጥ ይንሳፈፋል። ምግቡም ሞልቷል፤ አቧራ፣ እንጨት፣ ወረቀት፣ ጭቃው ውስጥ ያለው ጭድ ሳይቀር ይበላል። የሚጎድለው ውሃ ብቻ ነው።

ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርደው ዝናብ አንዱ ምንጭ ነው። ብዙ ሰው የማያስበው ሌላው ምንጭ አየሩ ራሱ ነው። ሞቃት አየር ብዙ እንፋሎት ይሸከማል። 1 ሜትር ኩብ አየር በ25 ዲግሪ እስከ 23 ግራም ውሃ መያዝ ይችላል። ያው አየር ወደ 15 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ግን ከ13 ግራም አይበልጥም። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ቀኑ ቢሞቅም ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ቀን ወጥ ሲሠራበት፣ ልብስ ሲሰጣበት የዋለ ቤት ማታ ተዘግቶ ሲበርድ፣ የተረፈው ውሃ ቀዝቃዛ ቦታ ፈልጎ ያርፋል። መስታወት ላይ፣ የድንጋይ ግድግዳ ላይ፣ ከቆርቆሮው ሥር።

ወደ መተማና ሁመራ ስትወርዱ ነገሩ ይለያል። እዚያ በክረምት ወበቁ ሌሊትም አይለቅም። የውጩ አየር ራሱ እርጥብ ስለሆነ መስኮት መክፈት ብቻውን ብዙ አያደርቅም። ቬንትሌተር ግን ይረዳል፤ የሚንቀሳቀስ አየር ግድግዳውንም ልብሱንም ቶሎ ያደርቃል።

የቤት ውስጥ እርጥበት ከ60 በመቶ በታች እንዲሆን ይመከራል። እርጥበት የምትለካ ትንሽ ባትሪ የምትበላ መሣሪያ ካገኛችሁ ግዟት። ካጣችሁም ችግር የለም፤ ጠዋት ጠዋት የመኝታ ቤቱ መስኮት ከውስጥ የሚያለቅስ ከሆነ መልሱን አግኝታችኋል።

ውሃው ከየት እንደሚገባ በምን ላውቅ?

ሥራው ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ይህን ሳያውቅ ቀለም የሚገዛ ሰው ብሩን ግድግዳ ላይ እየደፋ ነው።

መጀመሪያ እድፉ የት እንዳለ እዩ። ኮርኒሱ ላይ ክብ ሆኖ ጠርዙ ቡናማ ከሆነ ከላይ ነው የመጣው፤ ላላ ያለ ምስማር፣ የተበሳ ቆርቆሮ፣ ወይም በቅጠል የተደፈነ አሸንዳ። እንዲህ ያለው እድፍ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ይሰፋል። ልብ በሉ፣ ውሃ ቀጥ ብሎ አይወርድም። በቆርቆሮው ሞገድ ሄዶ፣ ወራጁን ተከትሎ፣ ከቀዳዳው ሁለት ሜትር ርቆ ሊያንጠባጥብ ይችላል። ስለዚህ ጣራ ላይ የሚወጣው ሰው እድፉ ካለበት በላይ ያለውን ዳገቱን ሁሉ ይፈትሽ።

እድፉ ከወለሉ ተነስቶ እስከ ጉልበት ወይም እስከ ወገብ ደርሶ ከቆመ ከመሬት እየተመጠጠ ነው። ድንጋይና ብሎኬት ጫፉ ሻይ ውስጥ እንደተነከረ ስኳር ውሃ ወደ ላይ ይስባሉ። ከመሠረቱ በላይ እርጥበት የሚያግድ ላስቲክ ወይም ሬንጅ ያልተደረገላቸው ቤቶች ብዙ ናቸው፤ የድሮዎቹ ጨርሶ የላቸውም። የመሬት እርጥበት ብዙውን ጊዜ ከ1 ሜትር አይበልጥም። አዘዞ አካባቢ እንዳለው ዋልካ መሬት ከሆነ ደግሞ አፈሩ ውሃውን ይዞ ስለሚቆይ ግድግዳው በጥቅምትም እርጥብ ይሆናል።

የቤቱ ማዕዘን፣ የቁም ሳጥኑ ጀርባና የአልጋው ራስጌ ብቻ ጥቁር ነጠብጣብ ካወጣ ግን ውሃው ከእናንተው ነው። ከትንፋሽ፣ ከማብሰያ፣ ከእጥበት። አየር የማይደርስበትና የሚቀዘቅዝ ቦታ መርጦ ነው የሚወጣው።

ላልታወቀ ጉዳይ የላስቲክ ሙከራ አለ። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሚሆን ንጹሕ ላስቲክ ቁረጡ። እርጥብ ነው በምትሉት ግድግዳ ላይ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ጥብቅ አድርጋችሁ ለጥፉ። ከሁለት ቀን በኋላ እዩት። ጤዛው ከላስቲኩ ጀርባ፣ በግድግዳው በኩል ከተቋጠረ ውሃው የሚወጣው ከግድግዳው ውስጥ ነው። ፊት ለፊቱ ላይ ከሆነ የሚመጣው ከክፍሉ አየር ነው። የላስቲኩ ዋጋ ከአንድ ቡና አይበልጥም፤ የሚያድነው ገንዘብ ግን ቀላል አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። መስከረም ላይ ዝናቡ አቁሞ ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት፣ ጎህ ሲቀድ ከኮርኒስ ላይ ጠብ ጠብ የሚል ከሆነ ጣራው ተበስቷል ማለት ላይሆን ይችላል። ቆርቆሮ በጠራ ሌሊት ከአየሩም በላይ ይቀዘቅዛል። ከሥሩ ያለው እርጥብ አየር ይላብና ይንጠባጠባል። ለዚህ መፍትሔው ቆርቆሮ መቀየር አይደለም። ከኮርኒሱ በላይ አየር እንዲተላለፍ በሁለቱም የጣራ ጫፍ በወንፊት ሽቦ የተሸፈነ ክፍተት መተው ነው።

ግድግዳው ላይ ነጭ ዱቄት ይወጣል። ይህም ሻጋታ ነው?

አብዛኛውን ጊዜ አይደለም፤ ጨው ነው። ውሃ በድንጋይና በሲሚንቶ ውስጥ ሲያልፍ ጨው አሟሙቶ ይዞ ይመጣል። ውሃው ሲተን ጨው ይቀራል። ውሃ ረጨት አድርጉበት፤ ከሟሟ ጨው ነው፣ ሻጋታ አይሟሟም። በደረቅ ብሩሽ ጥረጉት እንጂ በውሃ አትጠቡት፤ ጨው መልሶ ወደ ግድግዳው ይገባል። ጨው ራሱ በሽታ አያመጣም። ግን ልስኑን እየገፋ ያረግፈዋል፤ ውሃ በዚያ በኩል እየተመላለሰ መሆኑንም ይናገራል።

ከውጭ ድንጋይ ላይ የሚታየው ግራጫና አረንጓዴ ሽበት ደግሞ ሌላ ነው። በፋሲል ግንብ ድንጋዮችም ላይ ታዩታላችሁ። ቤት ውስጥ እስካልገባ አትጨነቁበት።

በበረኪና ብጠርገው አይበቃም?

ጠንካራና ውሃ በማያስገባ ነገር ላይ ይበቃል። ሴራሚክ፣ መስታወት፣ ጥሩ ሊሾ፣ የሽንት ቤት ሳህን። ጭቃ፣ እንጨት፣ ችፑድና ልስን ላይ ግን በረኪናው ቀለሙን ያነጣዋል እንጂ ውስጥ የገባውን አይደርስበትም። ክሎሪኑ ላይ ላዩን ሲቀር ውሃው ሰርጎ ይገባል፤ ለሻጋታው ተጨማሪ መጠጥ ሰጣችሁት ማለት ነው። ለሦስት ሳምንት ነጭ ይሆንና ተመልሶ ይመጣል። ከዚያ «ይሄ በረኪና ተበርዟል» ይባላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የሻጋታው ስፋት ከ1 ሜትር በ1 ሜትር የማይበልጥ ከሆነ ራሳችሁ ልትጠርጉት ትችላላችሁ። ከዚያ ከበለጠ ሰው ጥሩ፤ ምክንያቱም ያን ያህል ካደገ ከጀርባው ትልቅ ውሃ አለ። መስኮቱን ክፈቱ። ጓንት አድርጉ፣ አፍና አፍንጫችሁን በኤን95 ጭምብል ሸፍኑ። ሻጋታውን በደረቁ አትፈግፍጉት፤ ብናኙ ቤቱን ይሞላዋል። መጀመሪያ በኦሞ ወይም በላርጎ ውሃ አርጥቡት፣ ከዚያ ፈግፍጉ፣ በንጹሕ ውሃ ጥረጉ፣ አድርቁ። ብዙውን ጊዜ ሥራውን የሚጨርሰው ሳሙናው ነው። በረኪና ካስፈለገ 1 ኩባያ ለ4 ሊትር ውሃ ይበቃል። ከዚያ በላይ ማጠንከር ሳንባችሁን እንጂ ሻጋታውን አይጎዳም።

በረኪናን ከአቼቶ፣ ከሎሚ፣ ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር በምንም ዓይነት አትቀላቅሉ። የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ነው። አሞኒያ ካለበት የመስታወት ማጽጃ ጋርም እንደዚሁ መርዛም ጋዝ ይሆናል። በትንሽ መታጠቢያ ቤት ውስጥ በር ዘግቶ «ይበልጥ እንዲያጸዳ» ብሎ መደባለቅ ሆስፒታል ያስገባል።

ሻጋታው ዘልቆ የገባበት የችፑድ ኮርኒስ አይጸዳም። ተቆርጦ ይወጣል። የስፖንጅ ፍራሽም ቢሆን ውስጡ ከሻገተ ብትሰጡት ሽታው ይቀንስ ይሆናል፤ ሻጋታው ግን እዚያው ነው።

ለዘመን መለወጫ ቀለም ልቀባ አስቤያለሁ። የሻጋታ መከላከያ ቀለም ይሻላል?

ቀለሙ ላይ ሳይሆን ቀኑ ላይ ነው ጥሌ። ጳጉሜ ማለት እኮ ግድግዳው ዓመቱን ሙሉ ከጠጣው በላይ ጠግቦ ያለበት ሰዓት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ሙሉ ዘንቦበታል። በዚያ ላይ ቀለም ስንለቀልቅበት ውሃውን ውስጥ ቆልፈን ነው የምንተወው። እንቁጣጣሽ ዕለት ያምራል። ለመስቀል ይነፋል። ለጥምቀት እንግዳ ሲመጣ ተልጦ ይጠብቃል።

በእኔ ግምት ጎንደር ላይ ለቀለም ጥሩው ጊዜ ከኅዳር በኋላ ነው። አየሩ ደረቅ ነው፣ ፀሐዩም አለ። ለጥምቀት ቤት ማሳመር ለሚፈልግ ከበቂ በላይ ጊዜ ነው፤ በዚያ ሰሞን እንግዳ የሚበዛብን ለጥምቀት አይደል? ለእንቁጣጣሽ ግን ቤቱን ጥረጉት፣ መጋረጃውን እጠቡት፣ ቄጤማውን ጎዝጉዙ፤ ቀለሙ ይቆይ።

የቀለሙን ዓይነት በተመለከተ፣ ከወለል እስከ ወገብ ዘይት ቀለም መቀባት የተለመደ ነው። ለማጽዳት ይመቻል፣ ልጆች ቢነካኩትም ይታጠባል። ነገር ግን ከመሬት እርጥበት የሚስብ ግድግዳ ከሆነ ዘይት ቀለም ጠላቱ ነው፤ አየር አያስወጣም። ቆዳው እንደ እሳት ቃጠሎ ይነፋና ይላጣል። እንዲህ ላለው ግድግዳ ኖራ ወይም ቀለል ያለ ውሃ ቀለም ይሻላል። የሻጋታ መከላከያ ቀለም ደግሞ የደረቀና የተጸዳ ግድግዳ ላይ ይሠራል። በሻጋታው ላይ ደርቦ መቀባት ግን ገንዘብ መጣል ነው።

ቤቱ የጭቃ ነው። በሲሚንቶ ብናስለስነው እርጥበቱ አይቆምም?

እንዲያውም የሚብሰው ያኔ ነው። ይህን ስል የሚቆጡኝ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ሲሚንቶ የዘመናዊነት ምልክት ሆኗል።

ጭቃ ውሃ ይጠጣል፣ መልሶም ይተነፍሳል። በክረምት ይርሳል፣ በበጋ ይደርቃል። በሲሚንቶ ሲሸፈን መተንፈሻው ይዘጋል። ሲሚንቶና ጭቃ አብረው አይሰፉም፣ አብረው አይጠቡም። በዓመቱ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ይወጣል። ዝናቡ በዚያች ስንጥቅ ይገባል፤ መውጫ ግን የለውም። ከውጭ ሲታይ ግድግዳው ደህና ነው። ከውስጥ ማገሩና ቋሚው ይበሰብሳል፣ ምስጥም ይገባል። አንድ ቀን ልስኑ በጣት ሲንኳኳ ባዶ ድምፅ ይሰጣል። ልስኑን ስታነሱት ጭቃው እንደ ዱቄት ይፈስሳል፣ እንጨቱ በእጅ ይሰበራል።

ለጭቃ ቤት የሚስማማው ያው የድሮው ነገር ነው። በደንብ የቦካ፣ የጤፍ ጭድ ያለበት ጭቃ መምረግ፣ በላዩ ኖራ መቀባት። ኖራ ውሃ ያስተነፍሳል። አሲድነትን ስለሚቃወም ሻጋታም አይመቸውም። ውድ አይደለም፤ በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ መታደሱ ነው ድካሙ። የፋሲል ግንብ ሠሪዎች በ17ኛው ክፍለ ዘመን ድንጋዩን ያያያዙት በኖራ ነው፤ ከተማችን ስለ ኖራ ከማንም የምትማረው ነገር የለም።

ከጭቃው ይልቅ ገንዘባችሁን ጣራው ጠርዝ ላይ አውሉት። ክዳኑ ከግድግዳው ወጣ ብሎ ጥላ ካልሰጠ፣ አሸንዳም ከሌለው፣ ጠፈጠፉ መሬት ነክቶ እየፈናጠረ የግድግዳውን እግር ይበላዋል።

ቤታችን ዳገት ተቆፍሮ የተሠራ ነው። የኋላው ግድግዳ በበጋም አይደርቅም።

ጎንደር ላይ ይህ ብዙ ሰው ያለበት ችግር ነው፤ ከተማዋ ራሷ ኮረብታ ናት። ከቤቱ ጀርባ ያለው አፈር ግድግዳውን ተደግፎታል። ከዳገቱ የሚወርደው ውሃ በሙሉ መጨረሻው እናንተ ሳሎን ነው።

ከውስጥ በኩል የሚደረገው ሁሉ ማስታገሻ ነው። ሥራው ከውጭ ነው። የሚቻል ከሆነ አፈሩን ከግድግዳው አርቁት፤ ሰው የሚያሳልፍ መተላለፊያ እንኳ ቢሆን ግድግዳው ንፋስ ያገኛል። ካልተቻለ ከግድግዳው በላይ በኩል ዳገቱን አቋርጦ ውሃውን ወደ ጎን የሚወስድ ቦይ ቁፈሩ። ከግድግዳው ሥር ደግሞ ቦዩን ጠጠር ሙሉበት፣ ታችኛው ላይ የተበሳሳ ቱቦ አኑሩ፣ መውጫውን ወደ ታች አድርጉ። በቤቱ ዙሪያ ያለው መሬት በየ1 ሜትሩ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውጭ እንዲያዘነብል ይሁን። የውጩ መሬት ከውስጡ ወለል ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። መንገድ በተደለደለ ቁጥር ግን አፈሩ ከፍ ይልና ቤቱ ጉድጓድ ውስጥ ይቀራል። ይህን የሰፈሩ ሰው ተነጋግሮ በጋ ላይ ካልሠራው፣ ሐምሌ ላይ አካፋ ይዞ መሮጥ ብቻ ነው።

ቦዩን ስትቆፍሩ ውሃውን ጎረቤት ደጅ ላይ አትልቀቁት። የስንቱ ጠብ ከዚህ ይነሳል።

ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ቤት ውስጥ እናጠራቅማለን። ይህስ ያመጣል?

ክዳን ያለው ጀሪካን ምንም አያመጣም። ክፍት በርሜል ግን ሌት ተቀን ይተናል፤ መኝታ ክፍል ጥግ ላይ ከሆነ ደግሞ ይባስ። ክዳን አድርጉለት፣ ከግድግዳ አርቁት፣ ከሥሩ ጣውላ ወይም ድንጋይ አስገቡ። ቀዝቃዛ በርሜል ሆዱ ላይ ያልበዋል፤ ላቡ ወለሉን ያርሳል። ሮቶ ደጅ ላይ ካለ ሲሞላ የሚፈሰውን ተመልከቱ። ሌሊት ውሃ መጥቶ ሁሉም ተኝቶ፣ ሞልቶ የሚፈሰው በግድግዳው ሥር ነው።

መስኮት ብከፍት ብርድ ይገባል። ልጆቹም ይታመማሉ ብዬ እፈራለሁ።

እናቶቻችን ንፋስ ይፈራሉ፤ እኔም ላብ ይዞኝ ንፋስ ላይ አልቀመጥም። ግን አንድ ሰው በአንድ ሌሊት በትንፋሹና በላቡ ሩብ ሊትርና ከዚያ በላይ ውሃ ያወጣል። አራት ሰው በአንድ ክፍል ዘግቶ ካደረ ጠዋት 1 ሊትር ውሃ ግድግዳው ላይ ተቀብቷል ማለት ነው።

ቀኑን ሙሉ ክፈቱ አይደለም። ትይዩ የሆኑ በርና መስኮት ለ15 ደቂቃ ክፈቱ፤ አየሩ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይውጣ። በክረምት ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት ስለሚመጣ ረፋዱ ላይ ብታደርጉት ጥሩ ነው። ልጆቹ ጠዋት ተነስተው ከክፍሉ ሲወጡ ይሁን። አልጋውን ወዲያው አታንጥፉት፤ አንሶላውና ብርድ ልብሱ እስኪተነፍስ ገልጣችሁ ተዉት።

በቡታጋዝ የምታበስሉ ከሆነ ደግሞ ይህን እወቁ፤ 1 ኪሎ ጋዝ ሲቃጠል ከ1.5 ኪሎ በላይ ውሃ በእንፋሎት ይለቃል። ድስቱ ከሚያወጣው ውጭ ማለት ነው። እንጀራ ሲጋገር፣ ድንች ሲቀቀል የኩሽናው በር ወደ መኝታ ክፍል ተዘግቶ ወደ ውጭ ይከፈት።

ከሰል አቀጣጥዬ ክፍሉን ባደርቀውስ?

አይሆንም። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፤ ተኝቶ የነበረ ሰው አይነቃም። ቀይ ፍም ሆኖ ጭሱ ያቆመ ከሰል ደህና ነው የሚባለውም ስህተት ነው።

ጨው፣ ከሰል፣ ናፍታሊን ቁም ሳጥን ውስጥ ማስቀመጥ ይጠቅማል?

ጨው እርጥበት መሳብ የሚጀምረው አየሩ ከ75 በመቶ በላይ ሲርስ ነው፤ ያኔም ጥቂት ነው የሚስበው። ለትንሽ መሳቢያ ይሞከራል፤ ለክፍል ግን ቀልድ ነው። ያልነደደ ከሰል ሽታ ይቀንሳል። ናፍታሊን ለብል ነው፣ ሻጋታ አይመለከተውም። ዕጣንና ወይራ ማጨስ ደስ ይላል፤ ግን ሽታውን ይሸፍናል እንጂ ምንጩን አይነካም።

ጋቢውን፣ ቡሉኮውንና የሐበሻ ቀሚሱን የሚያድነው ሌላ ነገር ነው። ክረምት ሳይገባ፣ ግንቦት ላይ፣ ፀሐይ አስመትታችሁ ቀዝቀዝ ሲል አስቀምጡት። እርጥብነት ያለው፣ አንዴም ቢሆን የተለበሰና ላብ የነካው ልብስ ከንጹሑ ጋር አታስገቡ። ላስቲክ ከረጢት ውስጥ መቋጠር የሚጠቅመው ልብሱ ፍጹም ደረቅ ከሆነ ብቻ ነው፤ ካልሆነ እዚያው ይሻግታል። ቁም ሳጥኑን ከግድግዳ አንድ ጭብጥ ያህል አርቁት። በተለይ የውጭ ግድግዳ ላይ ከሆነ ይህ ብቻውን ተአምር ይሠራል። ፀሐይ ሲወጣ በሩን ከፈት አድርጋችሁ ተዉት።

ለጤና ምን ያህል ያሰጋል? ጥቁሩ ይብሳል ይባላል።

በቀለም አይፈረድም። ጥቁር፣ አረንጓዴ፣ ነጭም ቢሆን የሚያጸዳው አንድ ዓይነት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. በዚሁ ጉዳይ ባወጣው መመሪያ፣ እርጥብና ሻጋታ ባለበት ቤት የሚኖሩ ሰዎች ለሳል፣ ለትንፋሽ ማጠርና ለአስም የበለጠ እንደሚጋለጡ ገልጿል። «ይህን ያህል ሻጋታ ችግር የለውም» የሚል ቁጥርም አላስቀመጠም።

አስም ያለበት፣ ሕፃን፣ አረጋዊ፣ የካንሰር ሕክምና ላይ ያለ ወይም በሌላ ምክንያት የመከላከል አቅሙ የደከመ ሰው ካለ እሱ የሚተኛበትን ክፍል አስቀድሙ። ሲጸዳም ከቤት ይውጣ።

ሁሉንም ሳል ግን በሻጋታ አታመካኙ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ያለበት ሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ የቲቢ ምርመራ ማድረግ አለበት።

የእንጀራና የበርበሬ ሻጋታስ?

የሻገተውን ጠርዝ ቆርጦ የቀረውን መብላት ልማድ ነው፤ ግን እንጀራ ዓይነ ብዙ ስለሆነ ሻጋታው ከምታዩት በላይ ይዘልቃል። ጣሉት። በርበሬ፣ ለውዝና በቆሎ ላይ የሚወጣው አንዳንዱ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ይተዋል። ጉበት ይጎዳል፤ መቀቀልም ሆነ ፀሐይ ላይ ማስጣት አያጠፋውም። የበርበሬውን ማዳበሪያ ከሲሚንቶ ወለል አንስታችሁ ጣውላ ላይ አድርጉት፣ ግድግዳም አይንካ።

ተከራይ ነኝ። አከራዬን እንዴት ላናግር?

በጨዋ ቋንቋና በማስረጃ። «ቤቱ ሻግቷል» ከተባለ የሚመጣው መልስ «መስኮት አትከፍቱም» ነው። እውነትም ሊሆን ይችላል፤ የላስቲኩን ሙከራ አስቀድማችሁ አድርጉ። ከግድግዳው ወይም ከጣራው መሆኑን ካረጋገጣችሁ፣ «እትዬ፣ የጓዳው ኮርኒስ ዝናብ በጣለ ቁጥር ያንጠባጥባል። ፎቶውን ይዩት። አሸንዳው መጋጠሚያው ላይ ለቋል፤ አሁን ቢሠራ በትንሽ ወጪ ያልቃል፣ ከቆየ ኮርኒሱ ይወርዳል» ይባላል። አከራይ ለሻጋታ ግድ ባይኖራት ለኮርኒሷ ግድ አላት።

አዲስ ቤት ለምትፈልጉ፣ ቢቻል በነሐሴ እዩት። በጥር ሁሉም ቤት ደረቅ ነው። ከታች ብቻ አዲስ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ካያችሁ ጠይቁ። ቁም ሳጥን ካለ ጀርባውን አሽትቱ። ቀብድ ከከፈላችሁ በኋላ የሚጠየቅ ጥያቄ የለም።

ሶኬቱ ያለበት ግድግዳ እርጥብ ነው። ልጥረገው?

አትንኩት። መጀመሪያ ከቆጣሪው መብራቱን አጥፉ፣ ከዚያ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጥሩ። እሱ እስኪመጣ በዚያ ክፍል ውስጥ ምንም ነገር አትሰኩ፤ የስልክ ቻርጀርም ቢሆን።